ቃል የማያምነው ጋሽ ሰይፉ

ጋሽ ሰይፉ ማረፉን ጓደኛዬ ሂቦ ደውላ ስትነግረኝ ቶሎ አላመንኳትም። ልማድ ሆኖብኝ «ማን ነገረሽ?» አልኳት። «የነገረሽ ሰውስ ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?» ሂቦ ሳቅና ልቅሶ በተቀላቀለበት ድምፅ «አንቺ እኮ ቁርጥ እሱን ሆነሻል። እኔም እንደዚሁ ነው የጠየቅኩት» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ለጎረቤቱ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። እሷም እያለቀሰች አረጋገጠችልኝ። ያኔ ነው ከቢሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ያልኩት።

ከሁለት ሰው ሳንሰማ ወሬ እንዳናምን ያስለመደን እሱ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበረ ድሬ ለገሃሬ ሰፈር፣ ከጣቢያው ጀርባ ያለው ቤት የአባቱ ነበር። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። እኔ የደረስኩበት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በረንዳው ላይ እንሰበሰባለን። እሱም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚመጡትን ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ያስጠናናል። የሚያስጠናን በነፃ ነው።

«በነፃ?» አለች እናቴ ስነግራት። «ምን ፈልጎ ነው?» በሰፈሩ ጆሮ ጠቢ ነው የሚሉትም ነበሩ፤ ጥያቄ ስለሚያበዛ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የመጀመሪያው ቀን ተከትላኝ መጣችና በረንዳው ጥግ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሰይፉ ጠመኔውን እንደያዘ አያት።

«ልጅሽን ልትጠብቂ ነው የመጣሽው?»

«አዎ» አለች ሳታፍር።

«ደግ አድርገሻል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር።»

እናቴ ትምህርቱ ሳይጋመስ ተነስታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያም አልተከተለችኝም።

ድሬ ላይ አንቱ ማለት ብዙም አልተለመደም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው። ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ግን አንዳንዴ አንቱ ሲለው ጋሽ ሰይፉ ፊቱን ያጠቁራል። «አንቱ የሚለኝ ሰው ወይ ሊለምነኝ ነው፣ ወይ የደበቀኝ ነገር አለ» ይላል። ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ነው። የታሸገ ውሃ ስንሰጠው ክዳኑን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነው የሚከፍተው፤ ጠቅ ካላለ አይጠጣም። ባጃጅ ሲያስቆም መጀመሪያ ሾፌሩን «ወዴት ነህ?» ይለዋል። ሾፌሩ «አንተስ ወዴት ነህ?» ሲለው «እኔ ነኝ ቀድሜ የጠየቅኩህ» ብሎ ይቆማል። ብዙ ጊዜ በእግሩ ነበር የሚሄደው።

ከሰው ሁሉ ይበልጥ የሚጠረጥረው ግን ቃላትን ነው። አዲስ ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ይመልስና ቃሉን በጎን ያየዋል። ከዚያ ቀፊራ ገበያ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣቱ አንጓ ከሥሩ ኳ ኳ ያደርገዋል።

«ምን ማለት ነው?»

አንዱ ከመጽሐፍ የሸመደደውን ትርጉም ይወረውራል።

«ማን ነገረህ?»

«መዝገበ ቃላት።»

«መዝገበ ቃላት እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር? ቃሉን ራሱን አትጠይቁት፣ ይዋሻችኋል። ጎረቤቶቹን ጠይቁ። ልጃችሁን የምትድሩለትን ሰው ጠባይ የምታጣሩት ከራሱ ነው እንዴ? ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት ጠይቁ፤ ጉዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።»

አንድ ቀን «ሳንክሽን» ብሎ ጻፈ። ሁላችንም ዜና ላይ ሰምተነው ስለነበር «ማዕቀብ» አልን በአንድ ድምፅ። «ልክ ነው» አለ። «ሌላ ቀን ደግሞ ይሄው ቃል መፍቀድ ማለት ይሆናል። አንድ ቃል፣ ሁለት አፍ። እንዲህ ያለውን ሰው ቤታችሁ ታስገባላችሁ?» «ኢንጂኒየስ» እና «ኢንጂኑየስ» የሚሉትንም ጎን ለጎን ጽፎ የሚለያያቸውን አንዲት ፊደል በጠመኔ ከበባት። አንዱ ብልህ ነው፣ ሌላው የዋህ። «ፈታኙ የዋሆቹን የሚይዘው እዚህች ፊደል ሥር ተደብቆ ነው» አለን። ፈታኙን የሚያወራልን እንደ አንድ ሰው ነበር፤ ማዶ ቁጭ ብሎ እኛን እንደሚጠብቅ ክፉ ሰው።

ሂቦን ያወቅናት በዚያው ሰሞን ነው። «ኢን» የምትለዋ ቅጥያ ከፊት ስትገባ ቃሉን እንደምታፈርስ ተምረን ስለነበር፣ «ኢንፍሌመብል» የሚለውን ሲጽፍልን «የማይቀጣጠል» ብለን መለስን። ከኋላ አንዲት ልጅ «ወላሂ ውሸት ነው» አለች።

ዞር አልን። ጥቁር ሂጃብ ያደረገች ቀጭን ልጅ ናት። አማርኛዋ በሶማልኛ ቅላፄ የተቃኘ ስለሆነ አንዳንዶቹ ሳቁ።

«አባቴ ቦቴ ነው የሚነዳው፣ ከጅቡቲ» አለች። «ከቦቴው ጀርባ ይሄ ቃል በቀይ ተጽፏል። የጫነው ቤንዚን ነው። የማይቀጣጠል ከሆነ ሲጋራ አታጭሱ ለምን ይላል?»

ጋሽ ሰይፉ ትክ ብሎ አያት። «ማን አመጣሽ?»

«ራሴ መጣሁ።»

«ማን ነገረሽ እዚህ እንደምናስጠና?»

«አቦ፣ መንገድ ላይ ድምፅህ ይሰማል።»

ወደ ሰሌዳው ዞሮ «ይቀጣጠላል» ብሎ ጻፈ። ሂቦ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀረችም። ታይዋን በሚባለው ገበያ እናቷ ጨርቅ ትሸጣለች፤ እሷም እያገዘች ነው የምታጠናው። ስስ ጨርቅ ሲነሳ በሆዷ «ፍሊምዚ» ትላለች። ግትር ገዢ ሲመጣባት ደግሞ «ኦብስቲኔት» ብላ ትስቃለች። ዓመቱ ሲጀመር አንድ አንቀጽ አንብባ መጨረስ ያቅታት ነበር። ሲጋመስ እኛ የምንፈራቸውን ቃላት እየፈለገች ትመጣ ጀመር። ጋሽ ሰይፉ ግን አላሞገሳትም። እንዲያውም ከሁላችን ይበልጥ የሚመረምራት እሷን ነበር። ፈጣን ለውጥ ያስጨንቀዋል።

የማይመረምረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእህቱ ልጅ ቢንያም። እናቱ ከድሬ ወጣ ብላ ባለችው ዋሂል ትንሽ ሱቅ አላት። እሱ ለትምህርት ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ አጎቱ ዘንድ ያደገ ነው። ፈጣን፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነበር፤ ወንበሩን የሚደረድርልን፣ ሰሌዳውን የሚያጠፋው እሱ ነው። ጋሽ ሰይፉ የሁላችንንም መልስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያያል፤ የቢንያምን ግን ሳያይ ያልፋል።

የሞዴል ፈተናው ዋዜማ ወረቀቱ ሾልኮ ወጥቷል የሚል ወሬ ተነሳ። መልሱ በቴሌግራም እየዞረ ነው ተባለ። ጋሽ ሰይፉ ትምህርቱን አቁሞ «ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉ» አለን። ተራ በተራ እያነሳ በእያንዳንዳችን ፊት ከፍቶ አየ። የሂቦንም የኔንም አየ፤ ምንም አላገኘም። የቢንያም ስልክ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። የጋሽ ሰይፉ እጅ ሳታነሳው በአጠገቡ አለፈች። እኔ አይቻለሁ፤ ሂቦም አይታለች። ቢንያም ያን ጊዜ ውሃ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ በእንግሊዝኛ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የሆነችው ሂቦ ነበረች። ደስታዋ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። ወረቀቱ መውጣቱ ተረጋግጦ ማጣራት ሲጀመር ጣት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «እንግሊዝኛ ቀርቶ አማርኛዋ መች ይገባል» የሚሉ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ከድር አስጠርቶ «ኮርጆ የተገኘ ተማሪ ዘንድሮ ለዋናው ፈተና አልፈርምለትም» አላት። ካልፈረመ ደግሞ አትፈተንም። አባቷ እሷን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ከወንድሞቹ ጋር ተጣልቶ ነው ትምህርቷን ያስቀጠለው። ዓመቱ ካለፈ ባል እንደሚፈለግላት ነግራኛለች።

አብሬያት ወደ ጋሽ ሰይፉ ሄድኩ። ያጽናናታል ብዬ ነበር። እሱ ግን በሩ ላይ አቁሞ «ገልብጠሻል?» አላት።

«አልገለበጥኩም።»

«ስልክሽን ካየሁ በኋላ ማታ ቢደርስሽስ በምን አውቃለሁ?»

የሂቦ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ግን አላለቀሰችም። «እመነኝ አልልህም» አለችው። «ጠይቀኝ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሷ እንደቆመች ጠየቃት። የምታውቀውን ከነምሳሌው መለሰች፤ ያላወቀችውን «አላውቅም» እያለች አለፈች። «አላውቅም» ባለች ቁጥር የሱ ፊት ሲፈታ አየሁ። ሁሉን የሚያውቅ ሰው አይወድም ነበር። መጨረሻ ላይ እኔም ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ጻፈላት። ብዙ አየችውና «ብቻውን አላውቀውም። ጎረቤቶቹን ስጠኝ» አለች። ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባላት። ሁለቴ አነበበችና ትርጉሙን ነገረችው። የመግሪብ አዛን እየተሰማ ነበር። ጋሽ ሰይፉ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ይቺ ልጅ ወረቀት አያስፈልጋትም» አለ ለኔ፣ እሷ የሌለች ይመስል። «አሁን ወረቀቱን እንጠርጥረው።»

የሾለከው መልስ ያን ጊዜ ያልደረሰው ሰው አልነበረም፤ ለኔም ከፈተናው በኋላ የክፍል ጓደኛዬ ልካልኝ ነበር። ስልኬን እጁን ዘርግቶ ከሩቅ ይዞ አነበበው። «ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሏል» አለ። ብዙ ቦታ ተሳስቷል። ከስህተቶቹ አንዱ ኢንፍሌመብል ነበር፤ መልሱ «የማይቀጣጠል» ይላል።

ጠዋት ሦስታችን ትምህርት ቤት ሄድን። አቶ ከድር የጋሽ ሰይፉ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ሲያየው ከወንበሩ ተነሳና «ጋሼ፣ በስተርጅና ሰው ማመን ጀመርክ እንዴ?» አለው።

«አልጀመርኩም። የልጅቷን ወረቀት አሳየኝ።»

የሂቦ መልስ ከሾለከው ጋር ተነጻጸረ። የሾለከው መልስ በተሳሳተባቸው ቦታዎች ሁሉ እሷ ትክክል ነበረች። የሳተቻቸው ጥያቄዎች ደግሞ ሌሎች ናቸው። «ከዚህ ገልብጣ ቢሆን ኖሮ ስህተቱንም አብራ ትገለብጠው ነበር» አለ ጋሽ ሰይፉ። አቶ ከድር ደጋግሞ አየና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሂቦ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አቶ ከድር ግን «እንግዲያስ እነማን ናቸው?» ብሎ የሌሎቹን ወረቀት እያገላበጠ ማየት ጀመረ። የሾለከውን መልስ ተከትለው አንድ ዓይነት ስህተት የሠሩትን እየለየ ለብቻ አስቀመጠ። አንዱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ምነው?» አለ ጋሽ ሰይፉ።

ጋሽ ሰይፉ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደ። ስሙ የቢንያም ነበር። ስህተቶቹ አንድ በአንድ የሾለከው መልስ ስህተቶች ናቸው፤ «የማይቀጣጠል» የሚለውንም ጨምሮ። ጋሽ ሰይፉ መነጽሩን አውልቆ ሳይጠርገው መልሶ አደረገው።

«ጋሼ፣ ለሂቦ ይሄ ይበቃናል» አለ አቶ ከድር ዝቅ ባለ ድምፅ። ወረቀቱን ተቀብሎ ከክምሩ ሥር ሊከተው ነበር። «የቀረውን እኔ በኋላ አየዋለሁ።»

እኔና ሂቦ መሬት መሬት አየን። ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ይንጫጫሉ።

«ልጁ ይሄን ቃል ጢም ሳያወጣ ጀምሮ ያውቀዋል» አለ ጋሽ ሰይፉ። «ተሳስቶ አይደለም። ሳያነብ ነው የገለበጠው።» ወደ ክምሩ እያመለከተ «አውጣው ከድር። ከሌሎቹ ጋር አድርገው። የኔን ከደበቅክ የዚችንም ንጹሕነት ማንም አያምንህም» አለ።

ስንወጣ ሂቦ ልታመሰግነው አፏን ስትከፍት እጁን አነሳባት። «ሂጂና አጥኚ።» ጥላ ጥላውን ሳይሆን ፀሐይ ፀሐዩን ይዞ ብቻውን ሄደ።

እትዬ ዘነበች በግድግዳው በኩል የሰማችውን ነግራኛለች። ጋሽ ሰይፉ ቢንያምን ጠየቀው። «አልገለበጥኩም፣ ተሳስቼ ነው» አለው። ወረቀቱን እንዳየው ነገረው። ቢንያም በእናቱ ስም ማለለት። ሲነጋ ቢንያም ልብሱን ሰብስቦ ዋሂል፣ እናቱ ጋ ሄደ፤ ዘንድሮ እንደማይፈተንም ተነገረው። የጋሽ ሰይፉ እህት ደውላ «ለሰው ልጅ ብለህ የኔን ልጅ ሸጥክ» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። በረንዳው ላይ ያለው ትምህርት ቀረ። በሩ ላይ ቆመን ብናንኳኳም አልከፈተልንም።

እኔና ሂቦ ዋናውን ፈተና ተፈተንን፤ አለፍንም። እሷ ፋርማሲ ገባች፣ እኔ ሎጂስቲክስ። ግን አንድ ነገር አልወጣልኝ አለ። ያን ሁሉ ስልክ የፈተሸ ሰው ያንዱን ለምን ተወው? አውቆ ነው ስል ኖርኩ። ለእረፍት ስመጣ በሩን ከፈተልኝ፤ በመጨረሻ ጠየቅኩት።

«ቢንያምን ጠርጥረኸው ነበር?»

«ብጠረጥረው ኖሮ ስልኩን አየው ነበር» አለኝ። «ባየው ኖሮ ከመፈተኑ በፊት አስቆመው ነበር። የበደልኩት አለመጠርጠሬ ነው።»

ብሎኝም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። እንዲህ አድርጎ ነው ያሳደገን።

ከቢንያም ጋር የታረቁት በስልክ ነው። በየቀኑ ይደውልለት ነበር፤ መጀመሪያ አያነሳም፣ ቆይቶ አነሳ። ጋሽ ሰይፉ ስለ ፈተናው አንድም ነገር ሳያነሳ አንድ ቃል ይጠይቀዋል፤ ቢንያም ይመልሳል፣ ይዘጋሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ልጁ በግል ለመፈተን ተመዘገበ። ዛሬ ቢንያም ፍሪጅና ማቀዝቀዣ የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ ነው፤ በድሬ ሙቀት ሥራ አያጣም። እስከ መጨረሻው አጎቱን ያስታመመውም፣ የቀበረውም እሱ ነው።

እኔ የማልረሳው ግን የዚያን ፈተና ውጤት ቀን ነው። ለክረምት መጥቼ ጋሽ ሰይፉ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ውጤት ከጠዋት ጀምሮ በስልክ እየታየ ነበር። የቢንያም የመፈተኛ ቁጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ ተጽፏል።

«ልይልህ?» አልኩት።

«ተይው» አለኝ። «እሱ ይነግረኛል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን አስገብቼ አየሁት። አላለፈም። ከማለፊያው ብዙም አልራቀም፣ ግን አላለፈም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ፈራሁ። ይሄ ልጅ አንዴ በእናቱ ስም ምሎ ዋሽቶታል። አሁንም ደውሎ «አለፍኩ» ቢለው፣ ጋሽ ሰይፉ ደግሞ ቢያምነው፣ እኔ ምን እላለሁ?

ጋሽ ሰይፉ ተመልሶ ሲቀመጥ ስልኩ ጮኸ። አንድ ጆሮው ስለደከመ ሁልጊዜ ስፒከሩን ከፍቶ ነው የሚያወራው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ» አለ ቢንያም።

«አቤት።»

ከቢንያም በስተጀርባ የዋሂል ፍየሎች ይሰማሉ።

«አላለፍኩም፣ ጋሼ። ጠዋት ነው ያየሁት። ልነግርህ ፈርቼ ቆየሁ።»

ጋሽ ሰይፉ ሁለት መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ራስህ አየኸው?»

«ራሴ።»

«እሺ» አለ። «እሺ የኔ ልጅ። ነገ ና፣ ቤትህ ና።»

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። የጋሽ ሰይፉን ፊት ስታይ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ተመስገን! ፊትህ በራ እኮ። አለፈ ማለት ነው?»

«አላለፈም» አላት፤ ከሳቁ ጋር እየታገለ፣ እንባውን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ። «አላለፈም፣ ዘነቡ።»